የመንገድ ካልሲ

"ያዘኝ አያ፣ ልወድቅ ነው!" አለች ወርቂቱ።

ወንድሟ ብዙነህ በብብቷ ገብቶ ደገፋት። አንድ እግሯ የጀብሪል ሱቅ ወለል ላይ፣ ሌላው የጨው ከረጢት ላይ ነው። ግማሽ ድረስ የገባው ናይለን ካልሲ ተረከዟ ላይ ተቀርቅሮ ወደፊትም ወደኋላም አልሄድ ብሏል። ባለሱቁ ጀብሪል ለአክብሮት ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ ቆሟል፤ ጆሮው ግን እነሱ ዘንድ ነው።

"ቀስ እያሉ፣ እትዬ ወርቂቱ። ናይለን ጉልበት አይወድም።"

"ኧረ ምን ጉልበት አለኝና..."

ቃሏን ሳትጨርስ ጠርር አለ። የተረከዟ ንቃቃት ያዘውና ካልሲው ከታች እስከ ባቷ ተተረተረ። መጀመሪያ ሳቋን የለቀቀችው ራሷ ወርቂቱ ናት። በሌላ ቀን ቢሆን እንዲህ ያለ ኪሳራ ያስለቅሳት ነበር። ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ ደስታው አላስቀምጥ ብሏት ነው የዋለችው፤ እንኳን ካልሲ ቀሚሷ ቢቀደድም ግድ የሚሰጣት አይመስልም። ነገ ጎህ ሲቀድ ደሴ የሚሄደው መኪና ላይ ትወጣለች። እሁድ ልጇ አልታዬ ትዳራለች!

አልታዬ በክፉ ቀን ከቤት የወጣች ልጅ ናት። በስድሳ አምስት ዝናቡ ቀርቶ ጎተራው ሲራገፍ፣ ወርቂቱ ባሏን ቀብራ ብዙም ሳትቆይ፣ እታገኘሁ የምትባል የደሴ ነጋዴ መካነ ሰላም ገበያ ላይ አገኘቻት። "ልጅቱን ስጪኝ። የምበላውን ትበላለች፣ ትምህርት ቤትም አስገባታለሁ" አለቻት። ሰጠቻት። ምን ታድርግ? መኪናው ሲነሳ ልጅቱ "እማዬ!" ብላ ስትጣራ ወርቂቱ ጀርባዋን አዙራ ቆመች። ልጅቱ እንባዋን እንዳታይ ብላ ነበር። አልታዬ ግን ይህን ከየት ታውቃለች? ያየችው የእናቷን ጀርባ ነው።

አምና ልትጠይቃት ተነስታ ነበር። ታዲያ ባቷ ላይ የሚጋደመው የደም ሥር መኪናው ላይ ተቆጣና እግሯ እንደ ቦካ ሊጥ ተነፋ። መንገዱ አጋማሽ ላይ፣ አቀስታ ሲደርሱ፣ ቆሞ መሄድ ቀርቶ መቀመጥም አቃታት፤ አውርደው በበቅሎ መለሷት። ደሴ የደረሰው ወሬ ግን "እናትሽ መንገድ ጀምራ ተመለሰች" የሚል ብቻ ነው። አሁን ጥር ስድሳ ስምንት ሆኖ የሠርጉ ቀን ሲቆረጥ፣ አልታዬ በመኪና ነጂው አፍ የላከችው ቃል አጭር ነበር፦ "እናቴ ካልመጣች የማንንም ጉልበት አልስምም። ወንበሯ ባዶውን ይቀመጥ።"

ሙሽራ ከቤት ስትወጣ የወላጅ ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ ነው። ያልተመረቀች ሙሽራ ደግሞ ምን ሙሽራ ናት? ወርቂቱ ያን ባዶ ወንበር በዓይነ ኅሊናዋ ካየች ወዲህ እንቅልፍም አልወሰዳት። የጤና ጣቢያዋ ድሬሰር አሰጋሽ "ለመንገድ የላስቲክ ካልሲ ያስፈልግዎታል፤ እግርዎን ጠብቆ ይይዘዋል" ያለቻት ጊዜ ነው ወንድሟን አስከትላ ጀብሪል ሱቅ የገባችው።

"ይሄስ?" አለ ጀብሪል ሌላ ካልሲ ከመደርደሪያው እያወረደ። ቀይና ቢጫ መስመር ያለው፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ የኳስ ካልሲ ነው።

ብዙነህ አንስቶ ወደ ብርሃኑ አወጣው። "በል፣ ለወሎ ምርጥ ልትሰለፍ ነዋ! የሙሽራ እናት ሆና ነው ወይስ በረኛ?"

"ወፍራም ነው ብዬ እኮ ነው ጋሽ ብዙነህ።"

"እኔ ከጠዋት ጀምሮ ነግሬያታለሁ። ገምባሌዬን ልጠምጥምልሽ አልኳት። ሠራዊት ቤት ሳለን ከነጌሌ እስከ ሞያሌ በእግራችን ስንጓዝ አንድ ሰው እግሬ አበጠ ሲል አልሰማሁም። ምስጢሩ ገምባሌ ነው! ከቁርጭምጭሚት ትጀምሪና..."

"አያ፣ በገምባሌ ልጄን ልድር? እግዜር ያሳይህ" አለች ወርቂቱ። "አማቶቿ ምን ይሉኛል? ባንዲራ ልትሰቅል መጣች አይሉም?"

ብዙነህ ቅር አለው። ካኪ ኮቱን አስተካክሎ ጢሙን መታ መታ አደረገ። ከሠራዊት ከወጣ ቆይቷል፤ የዘንድሮው የገበሬ ማኅበር ጥበቃ ሹመት ግን ወታደርነቱን መልሶ ቀስቅሶበታል።

ጀብሪል ድንገት ግንባሩን መታ። "ያረቢ! ረስቼው!" ብሎ በርጩማ ላይ ወጣና ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ ካርቶን አወረደ። ከውስጡ ሁለት ጥንድ ካልሲ ወጣ፤ ወፍራም፣ ከጉልበት የሚያልፍ፣ የሻይ ወተት መልክ ያለው። ለዓይን ምንም አይስብም። ጎትቶ ሲለቀው ግን ጧ ብሎ ይመለሳል።

"ያ ነው! የላስቲኩ!" ወርቂቱ እጇን አጨበጨበች። "እስከ አሁን ምን ይዞህ ነው ጀብሬ?"

"የሰው ዕቃ ነዋ። የባላባታችን ባለቤት ናቸው ያዘዙኝ። እግሬን ይወጋኛል ብለው ከአሥመራ ድረስ አስመጣሁላቸው፤ ትልቅና ትንሽ፣ የሚሆናቸውን እንዲመርጡ። ሊወስዱት ሲሉ የመሬት አዋጁ መጣ። እሳቸውም ወዳዲሳባ እብስ! እኔም ተሸክሜው ቀረሁ።"

ብዙነህ ሳቁን አፈነዳው። "እሷ በበቅሎ እየሄደች ምን እግር ያብጥባታል?"

ወርቂቱ ግን አልሳቀችም። ካልሲውን በሁለት እጇ ያዘችው። ስንት ዓመት በዚያች ሴት ግቢ ቆማ ገብስ አበጥራለች፣ ጌሾ ወቅጣለች፣ ሕፃን አዝላ ውሃ አመላልሳለች! ያኔ "ትንሽ ልረፍ" ማለት እንኳ ነውር ነበር።

"ይሄ እግር በማን ደጅ አበጠና?" አለች ቀስ ብላ። ወዲያው ፊቷ በራ። "ስጠኝ ጀብሬ። ከሷ ይልቅ ለኔ ይገባል!"

ትልቁን አጠለቀችው። ሰተት ብሎ ገባ። ተነስታ ከባንኮኒው እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች። "ኧረ ይሄማ ደላኝ! ይሄን ነው የምወስደው። ትንሹ እንኳን እግር ጣትም አያስገባ።"

ጀብሪል ራሱን ወዘወዘ። "ወላሂ እኔ ሥራዬ አይደለም። አሰጋሽ ትየው፤ ነገ እርስዎ መንገድ ላይ ሲወድቁ እኔ አልረገምም።" በሩ ላይ ወጥቶ ወደ ጤና ጣቢያው ተጣራ።

አሰጋሽ ነጭ ካፖርቷን እንደለበሰች እየሮጠች መጣች። ወጣት ናት፣ ስትናገር ዓይኗም እጇም አብሮ ይናገራል። ካልሲውን አይታ በደስታ ዘለለች፤ ትልቁን ወርቂቱ እግር ላይ አይታ ደግሞ ተቆጣች።

"ይሄ ምንድን ነው? ሊጥሉት ነው ወይስ ሊለብሱት?"

"የደላኝ ይሄ ነው ልጄ። መንገድ ላይ እንዳያፍነኝ።"

"የሚደላማ ከሆነ ባዶ እግር ይደላል! ካልሲው ካልያዘዎ ምን ይሠራል?" ጎንበስ ብላ የወርቂቱን ግራ እግር ያዘች። ቁርጭምጭሚቷ ላይ አንዲት የብር አልቦ አለች፤ ጥንዷ በክፉ ቀን በገብስ ተለውጣለች። "እስቲ ይሄ አልቦ ጠዋት ከመኝታ ሲነሱ እንዴት ነው?"

"ጠዋትማ እንደ ልቡ ይዞራል። ሁለት ጣቴን አስገባበታለሁ።"

አሰጋሽ አልቦውን ልታዞረው ሞከረች። ሥጋ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሏል፤ ንቅንቅ አላለም። "አዩ? አሁን እየለካን ያለነው እብጠቱን ነው። የርስዎ እግር የጠዋቱ ነው። ካልሲ የሚመረጠው በጠዋቱ እግር ነው። ትንሹን ይውሰዱ።"

"ያችን? በምን ጉድ ትገባለች?"

"ጠዋት ትገባለች። ይስሙኝ እማማ ወርቂቱ፤ ጎህ ሲቀድ፣ ገና እንደተኙ፣ እግርዎ መሬት ሳይነካ ያጥልቁ። ሽብሽብ እንዳይል። ቀኑን ሙሉ እንዳያወልቁ። መኪናው በቆመ ቁጥር ወርደው ትንሽ ይሂዱ። ሰሙኝ?"

"ሰማሁሽ፣ ሰማሁሽ፣ ልጅ ይውጣልሽ!"

ሰማሁ ትበል እንጂ ልቧ ሌላ ጋ ነበር። ትንሿን ካልሲ እያገላበጠች መልኳን ታያለች። አዲስ ናት፣ ንጹሕ ናት። አልታዬ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ስትስም የምታየው ይሄንን ነው። ጀብሪል ዋጋውን ሲናገር አልተከራከረችም፤ እሱም የተተረተረውን ናይለን አልጠየቃትም። "ለሙሽራዋ እናት ከኔ ነው። አላህ በሰላም ያድርስዎ" አለ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወርቂቱ መደቡ ላይ እንደተኛች ካልሲውን ከትራሷ ሥር አወጣች። አልቦውን ፈትታ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረች። እግሯ ቀለል ብሏታል፤ ድሬሰሯ እንዳለችው ልክ የጠዋት እግር ነው። ካልሲውን ዘረጋችው። ሸተተችው። ከዚያ ሐሳብ ገባት።

ይሄንን አዲስ ነገር ሁለት ቀን ሙሉ አቧራ አብልታ ልትደርስ ነው? በአገሩ እንዲህ ያደረገ ማን አለ? ጫማ ያለው ሰው እንኳ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ጫማውን በብብቱ ይዞ ይጓዝና ደጀ ሰላሙ ጋ ሲደርስ እግሩን አራግፎ ያጠልቃል። አዲስ ልብስ የሚለበሰው ሲደረስ ነው፤ ይሄን ሕፃንም ያውቀዋል። ወርቂቱ ካልሲውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ እቅፏ ውስጥ ሸጎጠችው። "ደሴ መግቢያ ላይ አጠልቀዋለሁ" አለች ለራሷ፣ በብልሃቷም ደስ አላት።

"አጠለቅሽ?" አለ ብዙነህ ከደጅ።

"አዎ አያ። እንሂድ!"

መኪናው ገብስና ምስር የጫነ ኤንትሬ ነው። ተሳፋሪው ከጆንያው ላይ እየተሳበ ወጣ። ወርቂቱ የሠርግ ቅቤዋንና በሶዋን ጭኗ ላይ አድርጋ መሐል ላይ ተቀመጠች። መኪናው ሲነሳ እልል አለች፤ የማታውቃቸው ሴቶችም አብረዋት እልል አሉ። መንደሩን ሳይለቁ ሁሉም ሰው የሙሽራ እናት መሆኗን አውቋል። አንዱ ይመርቃታል፣ አንዱ ዘፈን ያወጣላታል፣ አንዲት የከላላ ሴት ደግሞ "ጠላው ስንት ጋን ነው?" እያለች ትጠይቃታለች። ካቻምና ጠፍ ሆኖ ያዩት ማሳ ዘንድሮ አጨዳው አልቆ ክምሩ ተደርድሯል። ሰዉ ክምር ባየ ቁጥር "እሰይ! እሰይ!" ይላል። ወርቂቱም እሰይ ትላለች፤ ያቺን ዓመት ያላየ ሰው ክምር አይቶ እንዲህ አይጮህም።

ከቀትር በኋላ ግን እግሯ ጀመራት። መጀመሪያ ባቷን አሳከካት፣ ቀጥሎ ከበዳት፣ ከዚያ ይወጋት ጀመር። መኪናው ሲቆም ሁሉም ሲወርድ እሷ "ልቀመጥ፣ ደክሞኛል" እያለች ቀረች። አቀስታ ሲደርሱ ብርዱ ገብቷል። ወርቂቱ ለመውረድ ስትነሳ ጉልበቷ ከዳት። ሁለት ሰዎች ተቀብለው ከመኪናው አወረዷት። ያረፉበት ቤት ባለቤት አምናም ያሳረፈቻቸው ሴት ነበረች፤ ወርቂቱን ገና ስታያት ደረቷን መታች።

"ውይ በሞትኩት! ዛሬም? በቅሎ ላስፈልግላት እንዴ ጋሽ ብዙነህ?"

በቅሎ የሚለውን ስትሰማ ወርቂቱ ፊቷ ተለወጠ። "አልመለስም! ሬሳዬ ይመለስ እንጂ አልመለስም!"

ብዙነህ ግራ ተጋባ። "ካልሲው አልሠራም ማለት ነው? ያቺ ድሬሰር ቀለደችብን?" ብሎ ጎንበስ አለና የቀሚሷን ጫፍ ገለጥ አደረገ። ባዶ እግር! ያበጠ፣ የቀላ፣ ሥሩ የተጋደመበት ባዶ እግር። "ካልሲው የት አለ?"

ወርቂቱ በዝግታ ከእቅፏ አወጣችው። ከነጨርቁ ነው፤ አቧራ አልነካውም።

"በእቅፍሽ?" አለ ብዙነህ። "ከመካነ ሰላም ጀምሮ በእቅፍሽ?"

"እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው አያ። ደሴ ስንደርስ..."

"ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ! ለእግር የተገዛውን ብብት አሞቅሽበት!" ጮኸ። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። "እኔ በዚህ ዕድሜዬ ነጌሌ ሞያሌ ሳልል ጆንያ ላይ ስንገላታ የዋልኩት ካልሲ ለማጓጓዝ ነው? ካልሲው ደሴ ደርሶ አንቺ አቀስታ ብትቀሪ፣ አልታዬ ካልሲ ልትስም ነው?"

ባለቤቲቱ መጀመሪያ ሳቋን ልታፍን ሞከረች፤ አልቻለችም። ብዙነህ ራሱ አያት፣ ሳቁ ሊያመልጠው ዳር ዳር አለ። ወርቂቱ ግን እንባዋ መጣ።

"ልክ ነህ አያ። ሞኝ ነኝ። ያቺ ልጅ ጀርባዬን ነው ያየችው። አሁን ደግሞ ስመጣ እግሬን እንዲህ አድርጋ እንድታይ አልፈለግሁም። ምንም አልሰጠኋት፣ አላሳደግኋት። ንጹሕ ሆኜ ልቅረብላት ብዬ ነው።"

ብዙነህ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ በወታደር ድምፅ፣ ግን ለስለስ አድርጎ፣ "ተኚ" አላት። "ጀርባሽ መሬት፣ እግርሽ ወደ ላይ። ሠራዊት ቤት እንዲህ ነው።" እግሮቿን አንስቶ ኮርቻ ላይ ሰቀላቸው። እሷ እንቅልፍ ሲወስዳት እሱ እግርጌዋ ተቀምጦ ነበር።

ሲነጋ መጀመሪያ ያየችው እግሯን ነው። ጣቷን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጫን አደረገች፤ አልጎደጎደም። መለስ ብሏል!

"አያ! ተነስ! የጠዋት እግሬ መጥቷል!"

ብዙነህ ዓይኑን እያሸ ተነሳ። "መሬት እንዳታስነኪው! እንዳትወርጂ!" ካልሲውን ያዘ። ግን እንዴት ይግባ? ተረከዝ ላይ ደርሶ ተቀረቀረ። ባለቤቲቱ መጥታ ሳበች፣ ወርቂቱ ሳበች፣ ካልሲው እንደ ግትር በቅሎ እግሩን ተክሎ ቆመ። ወርቂቱ ድንገት በሶዋን አስታወሰች። አንድ እፍኝ ዘግና እግሯ ላይ ነሰነሰችው፤ ደረቅ የገብስ ዱቄት ነው፣ ልስልስ ያለ። ካልሲው ሸርተት ብሎ እስከ ጉልበቷ ወጣ።

"እግርሽ ቁርስ በላ!" አለ ብዙነህ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ሽብሽቡን በመዳፏ አስተካክላ መሬት ረገጠች። መጀመሪያ ትንፋሽ አሳጠራት፤ ጠበቃት። ትንሽ ስትራመድ ግን ገባት። አንድ ሰው ሁለት እግሯን በሁለት እጁ እንደያዘላት ነው። ደጅ ወጥታ መኪናው ጋ ቀድማ ደረሰች።

የእሁዱ መንገድ ከቅዳሜው የባሰ ነበር። የጉጉፍቱ ተራራ ላይ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ቁልቁለቱ ሲጀምር ደግሞ አቧራው እንደ ጭጋግ ተነሳ። አንዱ የዶሮ ቅርጫት ተገልብጦ ዶሮዎቹ ወርቂቱ እግር ላይ ተንጫጩ፣ አንዲት ሴት የኑግ ዘይት አፈሰሰችባት። የሻይ ወተት የመሰለው ካልሲ ከጉልበት እስከ ጣት የአፈር መልክ ያዘ። ወርቂቱ እያየችው ቅር ይላታል፤ ግን እግሯ አልከበዳትም። መኪናው በቆመ ቁጥር ዘላ ትወርዳለች፣ ዙሪያውን ትዞራለች፣ "እዩኝ! እዩኝ!" ትላለች። ብዙነህ "ወታደር ብትሆኚ ኖሮ አሥር አለቃ አደርግሽ ነበር" አላት።

የደሴ መግቢያ ኬላ ላይ መኪናዎች ተሰልፈው ቆመዋል። ፍተሻ ነው፤ ጆንያ ሁሉ ይራገፋል። ነጂው ወርዶ አነጋገረና እጁን አወናጨፈ። "ከአሥር ሰዓት በፊት አንገባም!"

"አሥር ሰዓት?" ወርቂቱ ጮኸች። "ሙሽራው በስምንት ሰዓት ነው የሚመጣ! ሰዓት እላፊ አለ ተብሎ በጊዜ ነው ይዟት የሚሄደው!"

ከኬላው እስከ እታገኘሁ ቤት ዳገት አለ፣ ቁልቁለት አለ፣ እንደገና ዳገት አለ። ብዙነህ ዳገቱን አየ፣ እህቱን አየ። "ትችያለሽ?"

እሷ ቅቤዋን አዝላ መንገዱን ጀምራለች።

ሄደች። እንዴት ሄደች! ፀሐዩ አናቷ ላይ ነው፣ አስፋልቱ ይፋጃል፣ እሷ ግን ነጠላዋን አሸርጣ ትገሰግሳለች። ሱቆቹን፣ "ኢትዮጵያ ትቅደም" የተጻፈባቸውን ግድግዳዎች፣ በሰልፍ የሚያልፉትን ዘማቾች አላየቻቸውም። ባቷ ይሞቃታል እንጂ አይወጋትም። ብዙነህ ከኋላዋ ያለከልካል፤ አዲሱ ቦት ጫማው ተረከዙን ልጦታል።

"ቀስ በይ እንጂ ወርቂቱ!"

ዞር አለችና ሳቀችበት። "አያ፣ ገምባሌህን ላምጣልህ?"

ከሩቅ ከበሮው ተሰማት። ዳሱ ታየ፣ ሰው ደጁን ሞልቶታል፣ ያጌጠ ነጭ መኪና ቆሟል። ሙሽራው መጥቷል! ወርቂቱ እየገፋች ገባች። በር ላይ እታገኘሁ ቆማ ነበር፤ ሐር ቀሚስ ለብሳ፣ ዓይኖቿ ቀልተው። ለአፍታ ተያዩ።

"ወርቂቱ? እውነት አንቺ ነሽ?" እታገኘሁ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። "እልል በሉ! እናቷ መጣች! ኧረ ይቺ ልጅ ገደለችን፤ ከጠዋት ጀምሮ 'አልነሳም' ብላ ሚዜዎቹን አቁማቸዋለች!"

እልልታው ቤቱን አናወጠው። እታገኘሁ ወርቂቱን ወደ ጓዳ ሳበቻት፤ መታጠቢያው ተዘጋጅቷል፣ ውሃው ለብ ብሏል። ራሷ ጎንበስ ብላ የእንግዳዋን እግር ልታጥብ ተንበረከከች። ቀሚሷን ስትገልጥ ግን ደነገጠች። "ምን ጉድ ነው ይሄ? አውልቂው፣ አውልቂው! ላንቺ ያስቀመጥኩት አዲስ ናይለን አለ።" ከሳጥኑ ውስጥ አወጣችው። ነጭ፣ ስስ፣ የሚያብለጨልጭ። ወርቂቱ ጀብሪል ሱቅ መጀመሪያ የመረጠችው ዓይነት ነው፤ እንዲያውም ከዚያም ያምራል።

ከደጅ ሚዜዎቹ "ጊዜ የለም! ሰዓት እላፊ!" ይጮኻሉ።

ወርቂቱ ናይለኑን በመዳፏ ዳበሰችው። እግሯ አሁን አላበጠም፤ ይሄ ቢጠለቅ ማንም አንድ ቃል አይናገርም። ከመካነ ሰላም ጀምሮ የተመኘችው ይሄንኑ ነበር፦ ንጹሕ ሆኖ መቅረብ። እጇ ወደ ካልሲዋ ሄደ። ጠርዙን ያዘችው። ከዚያ ለቀቀችው።

"አስቀምጪው እህቴ" አለች። "ለራስሽ አድርጊው። ነይ፣ አንቺም ከጎኔ ትቀመጫለሽ። ያሳደግሽው አንቺ ነሽ።"

"እንዲህ ሆነሽ? ከነአቧራሽ?"

"ከነአቧራዬ።"

ሁለት ወንበር ተደረገ፤ ብዙነህ በአባቷ ቦታ ከዳር ቆመ። አልታዬ በሴቶች ተከባ ወጣች። አድጋለች! ቁመቷ የአባቷ ነው፣ ዓይኗ ግን ያው የዚያን ቀኑ ዓይን። እናቷን ስታይ እግሯ ተያዘ።

"መጣሽ?" አለች፤ ድምጿ የሚሰማው በጭንቅ ነው።

"መጣሁ።" ወርቂቱ ሦስት ዓመት ያቆየችውን ቃል አልቆጠበችውም። "ያን ቀን የዞርኩት አልቅሼ ነው ልጄ። እንዳታዪኝ ብዬ ነው።"

አልታዬ መጋረጃዋን ገልጣ ተንበረከከች። ወርቂቱ ሳታስበው የቀሚሷን ጫፍ ጉልበቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ከሙሽራው ወገን የመጡት ሴቶች ወደ እግሯ እያዩ ሲንሾካሾኩ ይታያታል። አልታዬ ቀና ብላ ቀሚሱን የጨበጠውን የእናቷን እጅ አየች፣ ጠበቀች።

ወርቂቱ ቀሚሷን ራሷ ወደ ላይ ሰበሰበችው። ከጣት እስከ ጉልበት አፈር የለበሰው፣ ዘይት የፈሰሰበት፣ ካልሲ ታየ።

"አቧራ ነው ልጄ" አለች። "ወደ አንቺ የመጣሁበት መንገድ አቧራ ነው። ሳሚው።"